ትኩሳቱ ሲነሣ ደም ይወሰድ

አገራችን ውስጥ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ምን ተብሎ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል። ሁለቱ ለየቅል በሽታዎች ናቸው። አንዱ በተበከለ ምግብና ውኃ ይገባል፣ ሌላው በቅማል ወይም በቁንጫ ይመጣል። ግን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ይሰጡናል፣ እኛም ኪኒናችንን ይዘን ቤታችን እንገባለን። ለታይፎይዱ መነሻ የሚሆነው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ዘዴ ነው። የዛሬውን በሽታ ድሮ ካለፈ ሕመም ወይም ከክትባት ለይቶ መናገር እንደሚቸግረው ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ቢሆንም ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ አንድ ነው፣ በሽተኛውም የበሽታውን ስም ሰምቶ መሄድ ይፈልጋል። ስም ይሰጠዋል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሕክምና ለማውራት አስቤ አይደለም። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የሚያሳስበኝ ትምህርት ነው። ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ የሚጻፍበት ልማድ ከክሊኒክ ይልቅ ክፍል ውስጥ ሥር ሰድዷል ብዬ አምናለሁ። ርዕስ ይጻፋል፣ ከርዕሱ ሥር ትርጉሙ፣ ከትርጉሙ ሥር ዓይነቶቹ፣ ከዓይነቶቹ ሥር ጥቅሙና ጉዳቱ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ያወጣዋል። «ይህ ነገር ለምን አስፈለገ? ማን ቸግሮት ነው ያገኘው?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም፤ ደብተሩ ሳይሞላ ደወሉ ይደወላል።

ስለዚህ አንድ የክረምት ሥልጠና ላይ «በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት» የሚባል ነገር ሲነሣ ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። በዚህ ዘዴ ችግሩ ከትምህርቱ ይቀድማል። ተማሪው መጀመሪያ እውነተኛ፣ ያልተፈታ፣ መረጃው የጎደለ ነገር ይሰጠዋል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የሚያውቀውን ይሰበስባል፣ የማያውቀውን ይለያል፣ ያንን ሊማር ይሄዳል፣ ተምሮም ወደዚያው ችግር ይመለሳል። ከጎኔ የተቀመጡት የአማርኛ መምህር በልጅነታቸው ቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄን ነገር በዓይንህ ማየት ካማረህ ዓባይን ተሻገርና ቅኔ ቤት ግባ። እኛ ያደግነው በዚህ ነው» አሉኝ። ትምህርት እስኪከፈት ጊዜ ነበረኝ፤ ሄድኩ።

ነሐሴ ለመንገደኛ ክፉ ወር ነው። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ገጠሩ የተሳፈርኩበት አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንዶቹ ወርደን ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ቅጠል ቆርጠን ጎማው ሥር አደረግን፤ ንቅንቅ አላለም። የቀረውን በእግሬ ተያያዝኩት። መንገድ የሚመራኝ እረኛ «ወንዙ ሞልቷል ጋሼ፤ እስኪጎድል እንጠብቅ» ብሎኝ ዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ዝናቡን ጠገብነው። ጉባኤ ቤቱ ስደርስ መሽቶ ነበር። የለበስኩት ይንጠባጠባል፣ ሻንጣዬ ውስጥ ያለውም ረስርሷል። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ምንም ሳይናገር የራሱን ጋቢ አልብሶኝ እሱ ደበሎውን ደርቦ ተኛ። እምቢ ብለውም አልሰማኝ። ያን ጋቢ አንባቢ ይያዝልኝ።

የቅኔ ቤት ተማሪዎችን ጠዋት ላይ ያየ ሰው ሥራ የፈቱ ይመስሉታል። እያንዳንዱ ተነሥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር፣ ከቋጥኝ ጥግ፣ ከአጥር ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ተከናንቦ ዝም ይላል። አንዱ ሌላውን አያናግርም። ቅኔ እየቆጠሩ ነው። ትናንት ያልነበረ፣ የራሳቸው የሆነ ቅኔ መሥራት አለባቸው፤ ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ የገፋው ደግሞ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ። ማታ የኔታ ዘንድ ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፣ የኔታ ያርማሉ።

ጋቢውን የሰጠኝ ልጅ ሲቀርብ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጉባኤ ቃናውን ተናገረ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «ሰሙ ቆሟል» አሉ። «ወርቁስ የታለ?» ልጁ ዝም አለ። የኔታም ዝም አሉ። ዝምታው እየረዘመ ሄደ፤ ግእዙን በቅጡ የማልሰማው እኔ እንኳ ተጨነቅሁ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ይህን ያህል ዝምታ የሚታገሥ አስተማሪ አላውቅም። በመጨረሻ «ሂድ፣ እደርበት» አሉት። በማግሥቱ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከጽዱ ሥር አልተነሣም። ማታ ሲመጣ አንዲት ቃል ብቻ ለውጦ መጣ። የኔታ ፊታቸው ፈካ፤ «አሁን ገባ» አሉት። ከዚያ በኋላ ነው እሳቸው በዚያው ነገር ላይ ቅኔ ዘርፈው ያሳዩት። ከልጁ ሙከራ በፊት ቢዘርፉለት ኖሮ ያደንቅ ነበር፤ ከሙከራው በኋላ ስለሆነ ግን የት ላይ እንዳመለጠው እያንዳንዷን ቃል ተከታትሎ ሰማ። ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ለብቻቸው ሳገኛቸው «የኔታ፣ ለምን ዕለቱን አልነገሩትም?» አልኳቸው። «የነገርኩት የኔ ነው። እሱ የራሱን ይዞ ይምጣ ብዬ ነው» አሉኝ። አስከትለው ደግሞ እኔ ልብ ያላልኩትን ጨመሩልኝ፤ «ባዶውን ግን አልሰድደውም። ማታ ማታ ግስ እነግረዋለሁ፣ አገባብ አሳየዋለሁ። ግስ ያልያዘ ልጅ ጫካ ቢውል ብርድ እንጂ ቅኔ ይዞ አይመጣም።» ይህችን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኳት።

ወደ ቤቴ ልመለስ ከተማው ላይ አልጋ ይዤ ሳለሁ ብርድ ብርድ አለኝ። ወዲያው ራሴን የሚፈልጥ ሕመም፣ ጉልበቴንና ጀርባዬን የሚቆራርጥ ቁርጥማት፣ ከዚያ እሳት የሆነ ትኩሳት። በአቅራቢያ ያለ ክሊኒክ ተወሰድኩ። ደም ተወሰደ፣ ወረቀት ተጻፈ፤ ታይፎይድና ታይፈስ። ኪኒኑን ዋጥኩ። ከቀናት በኋላ አንድ ሌሊት ክፉኛ አንቀጠቀጠኝና አልጋውን ያራሰ ላብ ወጥቶኝ ጠዋት ድኜ ተነሣሁ። መድኃኒቱን አመስግኜ ወደ ቤቴ ተሳፈርኩ። ሳምንት ያህል ደህና ከርሜ እንደገና ወደቅሁ። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ደም፣ ያው ወረቀት። እንደገና ላብ፣ እንደገና መዳን። በሽታው በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ምስጋናውን ኪኒኑ ይወስዳል። እኅቴ ግን ዓይኔ ቢጫ መሆኑን አይታ «እዚህስ አትቀመጥም» ብላ ማስተማሪያ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ትኩሳት ሳይኖረኝ፣ አቅም ብቻ አጥቼ፣ የውስጥ ደዌ ዋርድ ተኛሁ። ደሜ በማይክሮስኮፕ ታየና ንጹሕ ነው ተባለ። የሚከታተሉኝ ዶክተር ሸምገል ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ተማሪዎቻቸውን በፒ ቢ ኤል፣ በዚያው በችግር ላይ በተመሠረተ ትምህርት፣ እንደሚያስተምሩና ጉዳዬን ሊያቀርቡላቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። «ከፈቀዱ ራስዎም ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ካልፈቀዱም ሕክምናዎ አይጓደልም» አሉኝ። እንዴት አልፈቅድ! አገር አቋርጬ የሄድኩለት ነገር አልጋዬ ድረስ መጣልኝ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ስምንት ተማሪዎች ጠረጴዛውን ከበዋል፤ ዶክተሩ ከመካከላቸው እንጂ ፊት ለፊት አልተቀመጡም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። ሦስት ዓምድ ተሰምሮበታል፤ «የምናውቀው»፣ «የምንጠረጥረው»፣ «ማወቅ ያለብን»። አንዱ ተማሪ ይሰበስባል፣ አንዷ ትጽፋለች። አንደኛው ዓምድ በፍጥነት ሞላ፤ ዕድሜ፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ የዓይን ቢጫነት፣ ንጹሕ ደም።

መነጽር ያደረገው ልጅ ቀደመ። «ዶክተር፣ ታይፎይድ ነው። ሁለቴ ተመርምረው ሁለቴም ፖዘቲቭ ነው።»

ዶክተሩ ትክክል ነህም፣ ተሳስተሃልም አላሉትም። «ታይፎይድ ትኩሳቱ እንዴት ነው የሚሄደው?» አሉት።

«ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከወጣም ይቆያል።» ይህን ሲናገር ድምፁ እየቀነሰ መጣ። ወደ እኔ ዞሮ «የእርስዎ ድንገት ነው አይደል የሚነሣው ጋሼ?» አለኝ። ድንገት ነው አልኩት። ታይፎይድ በሰረዝ ተሰረዘ፤ የሰረዘውም እሱ ራሱ ነው።

ወባ ተባለ፤ የሄድኩበት ደጋ መሆኑ ተነሣ፣ ደሜ ንጹሕ መሆኑ ተነሣ። የጉበት በሽታ ተባለ። ታይፈስ ተባለ፤ እሱም ለቅቆ በሳምንቱ የሚመለስ ነገር እንዳልሆነ አንዷ አስታወሰች። ነገሩ ሲደክም ዶክተሩ ጣልቃ ገብተው መልስ ይሰጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ከበሽተኛው ያልጠየቅነው ምን ቀረ?» ብቻ አሉ።

ያኔ እስካሁን ዝም ብላ የቆየችው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ቀጭን ልጅ «ጋሼ፣ ያደሩበት ቤት ይበርዳል? ምን ለብሰው አደሩ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ዝናቡን፣ ወንዙን፣ የልጁን ጋቢ። ጸሐፊዋ ከአንደኛው ዓምድ ግርጌ «የተዋሱት ጋቢ» ብላ ጻፈች። ዶክተሩን ሳያቸው ፊታቸው አልተለወጠም። «ጋቢው ምን ይነግረናል?» አሉ። ማንም አላወቀም። ወደ ሦስተኛው ዓምድ ተሻገረ፤ ቅማል የሚያስተላልፋቸው በሽታዎች እነማን ናቸው? ትኩሳት ለቅቆ የሚመለሰው ለምንድነው? የታመመ ሰው ደም እንዴት ንጹሕ ይሆናል? ልጆቹ ሦስቱን ጥያቄ ሊከፋፈሉ ሲሉ ዶክተሩ ከለከሉ። «ሁላችሁም ሦስቱንም አንብባችሁ ትመጣላችሁ። ተከፋፍላችሁ የመጣችሁ እንደሆን እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሌክቸር ትሰጣላችሁ፣ ሌላው ያዛጋል።»

በማግሥቱ ከራውንድ በኋላ ዶክተሩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አወጉኝ። ዘዴው ስሙን ያገኘው ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሃያ ተማሪዎችን ይዞ የተከፈተ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። መሥራቾቹን የቆጠቆጣቸው ነገር እኛንም የሚያውቀን ነው፤ ተማሪዎች ዓመታት ሙሉ ያጠኑትን አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ በሽተኛ ፊት ሲቆሙ ማውጣት አቃታቸው። እውቀቱ አለ፣ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ግን የለም። እዚያ ከሠሩትና ዘዴውን ለዓለም ካስተዋወቁት አንዱ ሃዋርድ ባሮውስ የነርቭ ሐኪም ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ በ1963 ሎስ አንጀለስ ሳሉ፣ ጤነኛ ሰው አሠልጥነው እንደ በሽተኛ ለተማሪ ያቀረቡም እሳቸው ናቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የማስትሪክቱ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1974 ሲጀምር ይህንኑ ይዞ፣ ውይይቱ መስመር እንዳይስት በሰባት እርምጃ ቀምሮታል። እኔ ካየሁት ጋር ይመሳሰላል፤ ያልገባ ቃል ይብራራል፣ ችግሩ ይነገራል፣ ያለው እውቀት ይዘረገፋል፣ ይደራጃል፣ የመማሪያ ጥያቄ ይወጣል፣ ለየብቻ ይጠናል፣ ተመልሶ ይወያዩበታል።

እኛም ቤት ሥሩ አለ አሉኝ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጅማ እ.ኤ.አ. በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት ተማሪው ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ችግር ለይቶ እንዲሠራ ዋና መርሑ አደረገው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ሥርዓተ ትምህርት በተፈጥሮ ሳይንስ የተመረቁ ልጆችን ተቀብሎ በዚህ ዘዴ ማስተማር ጀመረ።

እኔም የየኔታን ነገር ከማስታወሻዬ አነበብኩላቸው። ግሱ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «እዚህ ላይ ነው የዓለም ምሁራን የተጣሉት» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ጀማሪን ያለ በቂ ድጋፍ ችግር ውስጥ መክተት አእምሮውን ያጨናንቀዋል እንጂ አያስተምረውም ብለው ጻፉ። በዓመቱ ሌሎች መለሱላቸው፤ በደንብ የተሠራ ፒ ቢ ኤል ድጋፍ የሞላበት ነው፣ ያለ መሪ የተተወ ተማሪ የለም አሉ። ከዚያ ቀደም፣ በ1993 የወጡ ሁለት የጥናት ግምገማዎችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል፤ የፒ ቢ ኤል ተማሪዎች በተራ የእውቀት ፈተና ከሌላው አይበልጡም፣ አንዳንዴም ያንሳሉ፤ በሽተኛ ፊት ሲቆሙ ግን ይሻላሉ። ዶክተሩ ይህን ሲነግሩኝ አልደበቁም፣ አላስተባበሉም። እኔም የየኔታ ንግግር ከሁለቱም ወገን ጋር እንደሚሄድ ገባኝ። ልጁን ከግሱ አፋቱ፣ ብርድ ይዞ ይመጣል። ግሱን ብቻ እየነገሩ ጫካውን ይከልክሉት፣ የሰው ቅኔ ሲደግም ይኖራል።

ልጆቹ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ ሌላ ሰዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል፣ ይጣላሉ፣ ወረቀቱ ላይ እየሄዱ ይሥላሉ። የሚያገረሽ ትኩሳት ነው አሉ፤ ግርሻ። ተሸካሚው የልብስ ቅማል ነው። ሰው ሲያክ ቅማሉ ይፈጠፈጥና ባክቴሪያው በተቧጠጠው ቆዳ ይገባል። ደም ውስጥ ሲራባ ትኩሳቱ ይነሣል። ሰውነት መከላከያ ሠርቶ ሲያጠፋው ይለቃል፤ ጥቂቶቹ ግን የላይ ገጻቸውን ለውጠው ያመልጣሉ፣ መከላከያው አያውቃቸውም፣ ተራብተው ትኩሳቱን ያስነሡታል። ቀጭኗ ልጅ ተነሥታ «ስለዚህ ደሙ ንጹሕ የሆነው ያለ ጊዜው ስለተወሰደ ነው። ትኩሳቱ ሲነሣ ደም ይወሰድ!» አለች። ባለ መነጽሩ ልጅ ተቀብሎ፣ ፔኒሲሊን ሲሰጥ ባክቴሪያው በአንድ ጊዜ ስለሚያልቅ በሽተኛው ለሰዓታት ክፉኛ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ እንደሚችል፣ ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ ሰው መጥፋት እንደሌለበት አስረዳ።

ዶክተሩ ካርዴን ገልጠው ለልጅቷ ሰጧት። በተኛሁ ዕለት፣ ከውይይቱ በፊት፣ በገዛ እጃቸው «ትኩሳቱ ሲነሣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ደም ይወሰድ» ብለው ጽፈውበታል። ከሥሩ ልብሴ ሁሉ እንዲቀቀል አዝዘዋል። ልጅቷ አንብባ ቀና አለች። «ዶክተር፣ ያውቁ ነበር? ለምን አልነገሩንም?»

«ነግሬሽ ቢሆን ስለ ጋቢው ትጠይቂ ነበር?»

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የማረከኝ ያ ካርድ ነው። አንዳንድ ሰው አስተማሪው ዝም የሚልበት ዘዴ ሲባል አስተማሪው የሚያርፍበት ይመስለዋል። ዶክተሩ መልሱን ያውቁታል፣ በሽተኛውን አስቀድመው ጠብቀዋል፣ ልጆቹ ቢስቱ የት ላይ እንደሚመልሷቸው አስበዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፋቸውን የያዙት። ስንፍና ወይም አለማወቅ የወለደው ዝምታ ተማሪን ይጎዳል። ይህን ዝምታ ለማዘጋጀት ግን አንድ ሌክቸር ከማዘጋጀት የበለጠ ሥራ ይጠይቃል።

ትኩሳቱ ሌሊት ተነሣ። ነርሷ ስትደውል ተረኛው ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ነጭ ካፖርቱን ሳይቆልፍ እየሮጠ መጥቶ ደም ወሰደ። ጠዋት መርፌውን ተወጋሁ፤ እንዳሉትም አንቀጠቀጠኝ፣ ግሉኮሱ ግን ቀድሞ ተሰቅሎ ነበር፣ ባለ መነጽሩም የደም ግፊቴን እየለካ ከአጠገቤ አልተነሣም። ሲሻለኝ ላቦራቶሪ ወስደው በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ። ከቀዩ የደም ሕዋሳት መካከል ቀጫጭን፣ የተጠማዘዙ፣ ወይን ጠጅ ክሮች። ለዓመታት ከመጽሐፍ ላይ ሥዕላቸውን ስገለብጥ የኖርኩ ሰው፣ ከራሴ ደም ውስጥ ሳያቸው ብዙ ሰዓት ከዚያ ወንበር መነሣት አልፈለግሁም።

የመጨረሻው ውይይት ላይ «ምን ተማርን? ምን ቀረን?» ተባለ። ቀጭኗ ልጅ እጇን አወጣች። «የጋቢው ባለቤትስ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ ለሳምንታት ስታመም ያን ልጅ በምስጋና አስቤዋለሁ፤ ታሞ ይሆናል ብዬ ግን ከእሷ በፊት የጠየቀ አልነበረም። ዕለቱን ስልክ ተደወለ፣ የወረዳው ጤና ባለሙያዎች ወረዱ። ልጁ ታሞ ተኝቶ ተገኘ፤ ሌሎችም ነበሩ። ታከሙ፣ ልብሳቸው ተቀቀለ፣ ጎጆአቸው ጸዳ።

ዘንድሮ የእኔ ክፍል ከስልሳ በላይ ተማሪ አለው። ስምንት ልጆችና አንድ ዶክተር የሠሩትን እዚያ ልድገም ብል አይሆንም። የሞከርኩት፣ ይህንኑ ትኩሳት በአራት ገጽ ጽፌ፣ በቡድን ላስቀመጥኳቸው ልጆች አንድ አንድ ገጽ እየሰጠሁ የሚቀጥለውን ከመስጠቴ በፊት ጥያቄ እንዲያወጡ ማድረግ ነው። ስለ ባክቴሪያ ምዕራፉን ሳላዝዛቸው አነበቡት። አንዳንዱ ቡድን አንድ ልጅ ብቻ ሲሠራ ሌላው ተኛ፤ ይህ የማይካድ ችግር ነው። ከዚህ የሚብሰው ፈተናው ነው። ብሔራዊ ፈተናው ትርጉምና ዝርዝር ብቻ ሲጠይቅ ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄ ይመጣል?» ይሉኛል፤ እውነት አላቸው። ዶክተሩ ተማሪዎቻቸውን የሚፈትኑት ከዚህ በፊት ባላዩት አዲስ በሽተኛ ነው። የእኛም ፈተና አዲስ ችግር የሚያቀርብበት ገጽ ካላስገባ፣ ሥልጠናው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። የሥርዓተ ትምህርትና የፈተና ባለሙያዎች ይህን ቢያስቡበት እለምናለሁ፤ ሁለት ጥያቄ እንኳ ይበቃል ለመጀመሪያ።

አንባቢን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ደጅዎ ሲቆም እህሉን መስጠትዎን አውቃለሁ። ከእህሉ ጋር ሳሙና ይስጡት፤ ከቻሉ ቅያሪ ልብስ ወይም ጋቢ ይጨምሩለት፣ አንዱን ሲቀቅል ሌላውን የሚለብሰው እንዲኖረው። ትኩሳት ለቅቆት የሚመለስበት ሰው ካዩም ትኩሳቱ እንዳለ ሆስፒታል ይውሰዱትና ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁለት።